ግማሽ ኪሎ ፍለጋ፦ ከሞያሌ ሐዋሳ ደርሶ መልስ

በዚህ ጉዞ የነበርነውን ሰዎች በቅድሚያ በስም ልጥቀስ፤ የማጎድለው ነገር ካለ ማን ሊያርመኝ እንደሚችል እንዲታወቅ ነው። ከሞያሌ የተነሣነው ሁለት ነን፤ ሾፌሩ ጉዮ እና እኔ ታምራት። ሐዋሳ ላይ የጠበቁን ሦስት ናቸው፤ ሐዋሳ ዳር ቱላ ያለው የአቮካዶ ማሸጊያ ቤት ባለቤት አቶ ዳንጊሶ፣ ሚዛኑ ላይ ቆማ ክብደት የምትመዘግበው ሂሩት፣ እና ሳጥኖቹን በመጨረሻ የሚዘጉት ወይዘሮ አማረች። የላኩን ወይዘሮ ሰዓዳ፣ የምሠራበት የትራንዚት ቢሮ ባለቤት፣ ሞያሌ ቀርተዋል፤ በቀን አራት ጊዜ ስለሚደውሉ ግን አብረውን ነበሩ ማለት ይቻላል።

የሄድነው ግማሽ ኪሎ ልንፈልግ ነው። ባለፈው ወቅት ከአቶ ዳንጊሶ ቤት ወደ ኬንያ የተላከ አንድ ሙሉ ጭነት ድንበር ላይ ተይዞ ነበር። ወረቀቱ እያንዳንዱ ሳጥን ሃያ ኪሎ ነው ይላል፤ በዕጣ ደርሶት ሲመዘን ግን ሃያ ኪሎ ተኩል ገደማ ሆነ። በሦስት መቶ ሳጥን ሲባዛ ብዙ ነው። ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ክብደት ከተገኘ ጭነቱ ወርዶ መፈተሽ አለበት፤ ደንብ ነው። በሞያሌ ፀሐይ ሁለት ቀን ወርዶ የቆየ አቮካዶ ምን እንደሚሆን የሞያሌ ሰው ያውቃል። ገዢው በዚያ ተቆጥቶ፣ ዋናው ወቅት ከመግባቱ በፊት አንድ የሙከራ ጭነት እንዲላክለት ጠየቀ። እሱም በክብደት ከተሳሳተ የዘንድሮን ምርት ከሌላ ቤት እወስዳለሁ አለ። ያ ማለት አቶ ዳንጊሶ ዘንድ የሚሠሩት አርባ የሚሆኑ ሴቶች ወቅቱን ያለ ሥራ ያሳልፋሉ ማለት ነው።

ይህን ሥራ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ስህተት ተገኝቶባቸው የተመለሱ ወረቀቶችን ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ እያነበብኩ፣ ለምን እንደተመለሱ እየጠየቅሁ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ክብደቱ የት ጋ እንደሚጨምር በዓይንህ አይተህ ና ብለው እኔን መረጡ።

እሑድ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። መኪናው ማቀዝቀዣ ያለው አይሱዙ ነው፤ የጫነው የተመለሱ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ሌላ አንድ የአምስት ኪሎ የሚዛን ብረት ነበረ። ከስኳር ነጋዴ ጎረቤታችን የተዋስኩት ነው። የሰው ሚዛን በራስ ሚዛን ካልተፈተሸ ምኑን አመንኩት ብዬ ነው የያዝኩት።

ያቤሎ ሳንደርስ ፍተሻ ላይ ፖሊሱ ሻንጣዬን አንሥቶ ክብደቱ ስላስገረመው ከፈተው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሚዛን ብረት ነው። አምስት ኪሎ።»

«የት ልታደርሰው?»

«ሐዋሳ።»

«ሐዋሳ ብረት ጠፋ?»

እኔ ማስረዳት ልጀምር ስል ጉዮ ከመሪው ኋላ አንገቱን አወጣና «ተወው ጌታዬ፣ ግራም ጠፍቶበት ፍለጋ የሚሄድ ሰው ነው» አለ። ፖሊሱ ሳቀ፤ ብረቱንም እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ መለሰልኝ። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ጉዮ ስሜን ትቶ «ግራሙ» ይለኝ ጀመር፤ እስከ ዛሬም አልተወም።

ማታ ሐገረ ማርያም አደርን። የሞያሌ ሰው ብርድ አያውቅም። እኛ ጋ ሌሊት ሰው ግቢው ውስጥ አልጋ አውጥቶ ይተኛል፤ እዚያ ግን በር ዘግተን፣ ጃኬት ለብሰን፣ ጥርሳችን ይንቀጠቀጥ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ጉዮ እጁን ሲያሻሽ አይታ ሳትጠየቅ የራሷን ጋቢ አምጥታ ጣለችለት። ጠዋት ሊመልስላት ሲል «ሐዋሳ እስክትደርስ ልበሰው፤ ስትመለስ ታወርደዋለህ» አለችው። አላውቃቸውም አላለችም። ዓርብ ስናልፍ ታጥፎ ተሰጥቷታል፤ ይህን የምጽፈው ጉዮ ወስዶ ቀረ እንዳይባል ነው።

ሰኞ

ከሐገረ ማርያም በኋላ ያለው መንገድ ለእኛ አገር ሰው ለማመን ያስቸግራል። እኛ ጋ አረንጓዴ ነገር ከታየ ሰው ጣቱን ይቀስራል፤ እዚህ ባዶ መሬት ነው ጣት የሚያስቀስረው። ቡናው፣ እንሰቱ፣ አቮካዶው እርስ በርሱ ተጋፍቶ ቆሟል። ዲላ ላይ ሻይ በወተት ብዬ ባዝዝ ማኪያቶ መጣልኝ። ሻይ ነው ያልኩት ብል አስተናጋጁ በሐዘኔታ አይቶኝ ሻይ ለብቻ፣ ወተት ለብቻ አመጣ። ሁለቱን ስቀላቅል ከጎናችን የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው አዩኝ።

ቱላ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገባን። አቶ ዳንጊሶ በሩ ላይ ቆመው «ዳኤ ቡሹ» አሉን፤ በሲዳምኛ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ማሸጊያ ቤቱ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ በአንድ ጫፍ ፍሬው ይገባል፣ ይታጠባል፣ ይለያል፤ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይመዘናል፤ በሌላው ጫፍ ተዘግቶ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል። ለወቅቱ ጄኔሬተሩን አሳድሰዋል፣ የቀዝቃዛውን ክፍል በር ቀይረዋል፣ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱንና ሌላውን ወረቀት በየፋይሉ አድርገው አዘጋጅተዋል። ፋይሎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ የሚታረም አላገኘሁም።

ሂሩት ሰላም አለችንና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቀና ብላም አላየችን። በኋላ እንደገባኝ አቶ ዳንጊሶ፣ ስህተቱ ሚዛን ላይ ከተገኘ ወቅቱ ሳይገባ ሌላ ሰው እናቆማለን ብለዋት ነበር። ስለዚህ እኔ የመጣሁት እሷን ላስወጣ ነው ብላ ነው ያሰበችው።

ያረፍነው ሐዋሳ ውስጥ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ፔንሲዮን ነው። ሻንጣዬን ከአልጋ ላይ ሳወርድ ብረቱ አምልጦ አውራ ጣቴ ላይ ወደቀ። የፔንሲዮኑ ባለቤት፣ ወፍራም ደግ ሰው፣ ድምፁን ሰምተው መጡ፤ ጨው የገባበት ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አምጥተው እግሬን ራሳቸው ነከሩት። ሳፋው ሙሉ ነበር። እኛ ጋ ለአንድ ጣት ያን ያህል ውኃ የሚደፋ የለም፤ እዚያው ሳፋ ውስጥ እግሬን ይዤ ስለ ጄሪካን ወረፋችን ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ሌላ ሳፋ ጨመሩ።

ማክሰኞ

እያነከስኩ ማሸጊያ ቤት ሄድኩ። ሂሩት ወንበር አመጣችልኝ። መጀመሪያ ብረቱን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥን፤ አምስት ኪሎ፣ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ከጠዋት እስከ ምሳ አጠገቧ ተቀምጬ እያንዳንዱን ሳጥን አየሁ። ሂሩት የባዶ ሳጥኑን ክብደት ትቀንሳለች፣ ፍሬ ታነሣለች ትጨምራለች፣ ሃያ ሲሆን ትጽፋለች። እኔ ብሠራውም ከዚያ የተሻለ አልሠራውም ነበር፤ ይህንኑ ነገርኳት። «ታዲያ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» አለች። ጻፍኩላት።

ለምሳ አቶ ዳንጊሶ ሐይቅ ዳር ወስደው ዓሣ ጋበዙን። ጉዮ ዓሣ በልቶ አያውቅም። ሙሉውን የተጠበሰ ዓሣ ከነዓይኑ ሲያቀርቡለት ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ግራሙ፣ አንተ መዝነው፣ እኔ ሐይቁን አያለሁ» አለ። አቶ ዳንጊሶ ግን ቁጭ ብለው እሾሁን አንድ በአንድ ለቀሙለት፤ ለእንግዳ ልጅ እንደሚደረግ። በላ። ሁለተኛም አዘዘ።

ከሰዓት ዝም ብዬ አንድ ነገር ሞከርኩ። ተዘግተው ቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ከተደረደሩት ሳጥኖች አሥር መርጬ ወደ ሚዛኑ መለስኳቸው። አሥሩም ከሃያ ኪሎ በላይ ሆኑ፤ ትንሹ አራት መቶ ግራም፣ ትልቁ አምስት መቶ ሃምሳ ይበልጣል። ከሚዛኑ እስከዚያ በር በእርምጃ ለካሁት፤ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ክብደቱ የሚጨምረው እነዚያ አሥራ ሁለት እርምጃዎች ውስጥ ነው። ሂሩት የጻፍኩትን ቁጥር አይታ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ወንበሬን ስባ ራሷ ተቀመጠችበት።

ማታ እራት አቶ ዳንጊሶ ቤት ነበርን። ቡርሳሜ ቀረበ፤ በቅቤ የታሸ ቆጮ ነው፣ ከእርጎ ጋር። ከምግቡ በፊት ረጅም ጸሎት አደረጉ፤ ስለ ወቅቱ፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ስለ ጎማችን ሳይቀር ጸለዩ። ጉዮ ሙስሊም ነው፤ ጎማው ጋ ሲደርሱ ከሁሉም ቀድሞ «አሜን» ያለው እሱ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ወንበሬን ወስጄ ቀዝቃዛው ክፍል በር አጠገብ ተቀመጥኩ። እዚያ የሚሠሩት ወይዘሮ አማረች ናቸው። ማሸጊያ ቤቱ ሳይከፈት በፊት ቱላ ገበያ ላይ ለብዙ ዓመት አቮካዶና ሙዝ ይሸጡ ነበር። አቶ ዳንጊሶ ከገበያ ያመጧቸው ዓይናቸው ስለማይስት ነው፤ ውስጡ የተጎዳ ፍሬ በእጃቸው ካለፈ ይታወቃቸዋል። ሥራቸው ከሚዛኑ የመጣውን ሳጥን ለመጨረሻ ጊዜ አይቶ፣ ወረቀት አልብሶ መዝጋት ነው።

ከጎናቸው አንድ ሳፋ ሙሉ አቮካዶ አለ። ሳጥን ይመጣል፤ ያዩታል፤ ከሳፋው ሁለት ያማሩ ፍሬዎች አንሥተው ከላይ ያስቀምጣሉ፤ ወረቀት ያለብሳሉ፤ ይዘጋሉ። ሌላ ሳጥን ይመጣል፤ እንደገና ሁለት። አልተደበቁም። እያየኋቸው፣ እንዲያውም ስለ እግሬ እየጠየቁኝ ነበር የሚያደርጉት። ሠላሳ ሳጥን ቆጠርኩ፤ አንዱንም አልዘለሉም።

ወደ አቶ ዳንጊሶ ሄጄ አገኘሁት አልኳቸው። ሁለቱን ፍሬ ስነግራቸው ምንም አልገረማቸውም።

«እሱማ ምርቃት ነው» አሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«ሁሉም ያውቃል። ምርቃት ይመዘናል እንዴ?»

ሂሩትን ጠየቅኋት፤ እሷም ታውቅ ነበር። ሳፋውን ጠዋት ጠዋት የምትሞላው ራሷ ናት። ለአንድ ወቅት ሙሉ ስለ ሚዛን ሲጨነቁ፣ ሲነታረኩ፣ ሚዛኑን ሲያስፈትሹ ከርመው፣ ማንም ሳፋውን ከክብደት ጋር አላገናኘውም። እኔም ልፈርድባቸው አልችልም። ሞያሌ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ ነጋዴዋ ከመዘነች በኋላ አንድ ራስ ካልጣለችልኝ ፊቴ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ያን አንድ ራስ መዝኜው አላውቅም።

ለወይዘሮ ሰዓዳ ደወልኩ። እሳቸው ቀላል ነው አሉ፤ ያለ ክፍያ የተጨመረ ተብሎ ለብቻው ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ ሳጥኑም ከነምርቃቱ ይመዘን፤ የተጻፈ ነገር አያስይዝም። ትክክል ናቸው፤ ይቻላል። ይህን ይዘን ሦስታችን ወይዘሮ አማረች ጋ ሄድን። አቶ ዳንጊሶ በሲዳምኛ ጀመሩ፤ ወይዘሮ አማረች ግን ለእኔ እንዲገባኝ ብለው በአማርኛ መለሱ።

«ለካ መኪናውን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አቶ ዳንጊሶ «አይደለም» አሏቸው። እኔ የሚጻፍበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ በጣቴ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጣቴ ያረፈበትን ቦታ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ምርቃት ተመዝኖ፣ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት ከሆነማ ምርቃት አይደለም፤ ዕቃ ነው። እኔ ለማላውቀው ሰው ስልክ፣ ልኩን ብቻ እንካ ብዬ መስጠት አፍሬ ነው የጨመርኩት። እሱን ደግሞ ጽፌ ልቆጥርበት?»

ከዚያ ያ ጭነት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሸራ ላይ መውረዱን፣ ሳጥን ሁሉ መከፈቱን፣ ሁለት ቀን እዚያው መቀመጡን ነገርኳቸው። «ፀሐይ ላይ?» አሉ። አዎ አልኩ። ተነሥተው ሳፋውን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ማጠቢያው መለሱት። አርባዎቹም ሴቶች ሥራ አቁመው አዩ። ተመልሰው መጥተው የሚቀጥለውን ሳጥን ዘጉ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ስለ እግሬ አልጠየቁኝም።

ሐሙስ

ቀድሞ የተዘጉት ተከፍተው ምርቃቱ ከወጣላቸው በኋላ ሦስት መቶ ሳጥን ተጫነ። በየሃያው አንድ እያወጣሁ ሚዛን ላይ መለስኩ፤ ሁሉም ልክ ነው። መደሰት ነበረብኝ። ግን ወይዘሮ አማረች ሳጥን በመጣ ቁጥር ቀኝ እጃቸው ሳፋው ወደ ነበረበት ይሄድና ባዶውን ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ እቆጥር ነበር፤ ኋላ መቁጠሩን ተውኩት። ሂሩት በዕረፍት ሰዓት ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

የፔንሲዮኑ ባለቤት ሌሊት የወባ ትንኝ እንደበላኝ ፊቴ ላይ አይተው የራሳቸውን አጎበር አውጥተው ሰቀሉልኝ። የመጨረሻዬ ምሽት መሆኑን ብነግራቸውም አልሰሙኝም።

ዓርብ

ጠዋት ቱላ ላይ ሸኙን። አቶ ዳንጊሶ በመኪናው ዙሪያ አንድ ዙር ሄደው ጎማዎቹን በእጃቸው ነኩ። ወይዘሮ አማረች ከበሩ አልወጡም፤ ሂሩት ግን እስከ አስፋልቱ አብራን ሄደች። ሙቀት መለኪያውን በየሁለት ሰዓቱ እያነበብኩ ስጽፍ ዋልኩ። ጉዮ ዘፈን እንኳን አልከፈተም። ያቤሎ አደርን።

ቅዳሜ

ከረፋዱ አራት ሰዓት ሞያሌ ገባን። ቤት የመጣሁ መሆኑን ያወቅሁት የመኪናውን በር ስከፍት ፊቴን በመታኝ ሙቀት ነው። ሳጥኖች ተመረጡ፣ ተመዘኑ። ሃያ። ሃያ። ሃያ። መዛኙ ወረቀቱን አየ፣ ሚዛኑን አየ፣ ማኅተሙን አደረገ። ጉዮ ትከሻዬን በጡጫ መታኝ። ወይዘሮ ሰዓዳ ኬላው ድረስ ጃንጥላ ይዘው መጥተው ነበር፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለአቮካዶው ነው አሉ።

በዚያኛው በኩል የገዢው መጋዘን ቅርብ ስለሆነ ከጉዮ ጋር አብሬ ተሻገርኩ። ዕቃ የሚረከበው የመጋዘኑ ሰው ሽበት የገባበት ሽማግሌ ነው። የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈተ፤ ወረቀቱን ገለጠና ቆመ። ሁለተኛውን ከፈተ። ሦስተኛውን። አንድ ነገር የጎደለበት መስሎኝ ክብደቱን በስዋሂሊ ልነግረው ወረቀቴን ዘረጋሁ። እሱ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ ጠየቀኝ።

«ሳጥኑን የሚዘጋው ሰው ምን ሆነ? ታመመ?»

አልገባኝም። ከዚህ ቤት የሚመጣ ሳጥን ሲከፈት ከላይ ሁለት ያማሩ ፍሬዎች ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር አለኝ። የሚያወርዱት ሰዎች ያን ያውቃሉ፤ ከየሳጥኑ እያነሡ ምሳቸውን በእሱ ይበሉ ነበር። ማን እንደሚያደርገው አያውቁም፤ ግን አንድ ሰው እንደሚያደርገው ያውቃሉ።

ደህና ናቸው፣ ሴት ናቸው፣ አማረች ይባላሉ አልኩት። ስማቸውን አስደግሞኝ ለሚያወርዱት ሰዎች ጮክ ብሎ ነገራቸው።

ገዢው ውሉን በዚያው ቀን ላከ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ለሂሩት ደውዬ ስልኩን ለወይዘሮ አማረች እንድትሰጥ ለመንኳት። ሽማግሌው ያለውን እንዳለ ነገርኳቸው። የማጠቢያው ውኃ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «አንተ ምን አልከው?» አሉ። ደህና ናቸው አልኩት አልኳቸው። ሌላ ነገር መናገር ጀምረው ነበር፤ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አልተነሣም።

እኔ ያየሁት እዚህ ድረስ ነው። ጉዮ፣ ያቤሎ ላይ የት እንዳደርን ስሙን ረስቼዋለሁ፤ የሽማግሌውንም ስም የጠየቅኸው አንተ ነህና ጻፍልኝ። አቶ ዳንጊሶ፣ የሳጥኑ ቁጥር ወይም የሰዓቱ ነገር ከተሳሳተ ያርሙኝ። ሂሩት፣ አንቺ ግን አጠገባቸው ነበርሽ። ስልኩ ሲዘጋ ምን አሉ? እጃቸውስ ምን አደረገ? እሱን አንቺ ጨምሪበት።